በገበሩ ሥር የተደበቀው ክር

ጥቅምት 12

ለእህቴ ለችኩል፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ባለፈው ስትጽፊ ቆሞ መዋል ገደለኝ ብለሽ ነበርና ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስት ጊዜ መሞከር ጀምሬያለሁ፤ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

ስልክ ለምን አትደውይም ላልሽው፣ እዚህ በግቢው በር ላይ ስልካችንን ሰብስበው ነው የሚያስገቡን። ቤቴ ሆኜ የማወራውንም የሚሰማ አለ ይላሉ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ብቻ ደብዳቤ ይሻለኛል። ደብዳቤ ቢያንስ ሰው ከፍቶት ከሆነ ያስታውቃል።

ሥራዬ ያው ነው። ለእትዬ መስፋት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ለአገሩ መሪ ይሁኑ እንጂ ለኛ ለቤት ሠራተኞቹ እትዬ ናቸው። በወር አንድ ቀን ጠዋት በውስጠኛው ክፍል መስኮቱ አጠገብ ይቆሙልኛል፤ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ እለካለሁ። ሚኒስትሩ ደጅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ እኔ "ክንድዎን ያንሱ" እላለሁ፣ እሳቸው ያነሳሉ። እትዬን ክንድ ያንሱ ብሎ የሚያዝ ሌላ ሰው በዚህ አገር ካለ አምጪልኝ። ይህን የምጽፍልሽ ለጉራ አይደለም፤ የደረሰብኝን እንድታውቂልኝ ነው።

ከነሐሴ ወዲህ አልለካኋቸውም። የፕሮቶኮል ኃላፊው (እኛ እሽሽ ነው የምንለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ) "እትዬ ጊዜ የላቸውም" ብሎ ከበር መለሰኝ። ጊዜ ያጡት ለኔ ነው እንጂ ለሌላውማ አላቸው። አንዲት ልጅ መጥታለች። ነጭ ጫማ ታደርጋለች፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ ትልቅ ቦርሳ አላት። በየጠዋቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል። ባለፈው ማክሰኞ ስትወጣ ከቦርሳዋ ጫፍ ምን ተንጠልጥሎ ያየሁ ይመስልሻል? ሜትር። እየሄደች ደብተር ላይ ቁጥር ትጽፋለች። እሮብም እንዲሁ። ሐሙስም። በየቀኑ የሚለካ ሰፊ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሥራውን የማያውቅ ነዋ።

ምግብ አብሳይዋን ማናት ብላት "አንቺ ስፌትሽን ስፊ" አለችኝ። እሷም ተለውጣለች፤ ትሪውን ራሷ ታስገባለች፣ ራሷ ታወጣለች፣ በፎጣ ሸፍና፣ ምን እንደተበላ ሰው እንዳያይ። ሹፌሩ መኪናውን በኋላ በር ማቆም ጀምሯል፤ ሲጠይቁት ጎማውን ያያል። ሁሉም የሆነ ነገር ጨብጧል፣ ባዶ እጄን የቀረሁት እኔ ነኝ። ቀናሁ እንግዲህ። ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ።

ቁጥሩ ቶሎ የማይጠፋ ጥሩ ሜትር ካገኘሽ ላኪልኝ። የኔው አርጅቷል።

እህትሽ

*

ኅዳር 20

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ ዓይንሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ፤ እኔም ደህና ነኝ። "ለጉራ አይደለም" ያልሽው ቦታ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ደብዳቤሽ ሁሉ ይህን ቃል ይዞ ነው የሚመጣው፤ እንደ ማኅተም ሆኗል።

የኔን ቤት ደግሞ ልንገርሽ። እዚህ በሰው አገር የምሠራበት ክሊኒክ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። አምስት ማጠቢያ፣ ሦስት ማድረቂያ፣ ሁለት የመተኮሻ ጠረጴዛ። አንሶላው በግድግዳው ቀዳዳ ከላይ ይወረወራል፣ እኔ አነሳለሁ። ሐኪሞቹ ስሜን አያውቁትም። ሰው የማየው ሲታመም ነው፣ እሱንም ጨርቁን ብቻ። አንቺ ክንድ ስታስነሺ እኔ እጅጌ እገለብጣለሁ። አንድ አክስት አሳድጋን፣ አንድ መኪና ላይ ተራ በተራ ሰፍተን፣ ዕድል እንዲህ ስታበላልጥ ያስቃል።

መቼም አልረሳውም። መቀሷን ላንቺ ስትሰጥሽ ከጎንሽ ቆሜ ነበር። "ለዚችስ?" ስትላት ጎረቤት፣ አክስታችን ምን አለች? "እሷ ችኩል ናት፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።" ለኔ የአውሮፕላን ትኬት፣ ላንቺ መቀስ። ሰው ሁሉ ትኬቱ ይበልጣል ይላል። እኔና አንቺ ግን እናውቃለን።

ቢሆንም ያስተማረችን አልጠፋኝም። የበሽተኛ ቢጃማ ቁልፍ ስተክል እንኳ የሷን አጨራረስ ነው የምጨርሰው፤ ሦስቴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ፣ ከዚያ ክሩን ሳልቋጥር ሳልቆርጥ በገበሩ ሥር መደበቅ። የሚያየው የለም። በዓለም ላይ ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን።

ባለ ነጭ ጫማዋን በተመለከተ ምን ልበልሽ። የናንተ ቤት ነገር የናንተ ነው። ምክሬን ከፈለግሽ ግን ስምንት ዓመት የተጻፈ ደብተር ያለው ሰው ለትናንት መጤ ቁጥር አይንበረከክም። የእትዬ ልክ ያንቺ ደብተር ውስጥ ነው። ወረቀት ሰጥተው ስፊ ቢሉሽም እጅሽን እመኚ።

ሜትሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቁጥሩ የታተመ ሳይሆን የተጠለፈ ነው፤ ካንቺ በኋላም ይኖራል።

ችኩል

*

ጥር 18

ለእህቴ ለችኩል፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ በረከቱም ይትረፍረፍልሽ። እኔ እንዴት ነሽ ብትይኝ በቁሜ ሞቻለሁ።

እንዳልሽው ወረቀት ሰጡኝ። እሽሽ አጣጥፎ አመጣልኝ፤ "ከእንግዲህ በዚህ ነው የምትሰፊው፣ መግባት የለም።" ቁጥሩ በልጅቷ እጅ የተጻፈ ነው። ትከሻ በሁለት ጣት ጠብቧል፣ ክንድ ቀጥኗል፣ ወገብ ግን በአሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ሰፍቷል። እንዲህ ያለ ገላ የለም፣ ችኩልዬ። ሰው ሲወፍር ሁለመናው ነው፣ ሲከሳም ሁለመናው ነው። ከላይ የከሳ ከታች የወፈረ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ይቺ ልጅ መለካት አትችልም ብዬ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። አንቺ እንዳልሽኝ በደብተሬ ሰፋሁ።

የምክር ቤቱ መክፈቻ ልብስ ነበር። ጥቁር አረንጓዴ ኮትና ጉርድ። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። በየስፌቱ "ይኸውልሽ፣ ባለ ነጭ ጫማዋ" እያልኩ ነው የጨረስኩት።

ዕለቱን በመተኮሻው ክፍል ሁላችንም ቴሌቪዥን ከበን ተቀመጥን። እትዬ ገቡ። የኮቱ ትከሻ ወደ ክንዳቸው ወርዷል። እጅጌው ጣታቸውን ሸፍኗል። ኮሌታው ከአንገታቸው ርቆ ቆሟል። ሆዳቸው ላይ ግን ቁልፉ አልደረሰም፤ ማን እንዳደረገው እንጃ፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዘውታል። ሰላም ለማለት እጃቸውን ሲያነሱ መርፌ ቁልፉ ተፈናጠረ። ኮቱ ለሁለት ተከፈተ። ካሜራው ወዲያው ወደ ጣሪያው ሄደ፣ ግን ሰው ሁሉ አየ። በክፍሉ ውስጥ ማንም ወደኔ አልዞረም። መዞር አያስፈልጋቸውም ነበር።

በማግስቱ እሽሽ ጠራኝ። "የአገር ምስጢር በመርፌሽ አወጣሽ" አለኝ። ምን ምስጢር ብለው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ወረቀት አስፈርሞ፣ መታወቂያዬን ተቀብሎ፣ በኋላ በር አስወጣኝ። ሌሎቹንም በየተራ አስፈርመዋቸዋል። አብሳይዋ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ሹፌሩ በሩ ድረስ ሸኝቶኝ "ታመዋል እኮ። ጉበት ነው ይላሉ። አላወቅሽም እንዴ?" አለኝ።

አላመንኩትም። እትዬ ቢታመሙ ኖሮ ከማንም በፊት ለኔ ይነግሩኝ ነበር። ገላቸውን የማውቀው እኔ ነኝ። ሹፌር የሚያውቀውን ምስጢር እኔ ሳላውቅ? ከሁሉ በላይ ይሄ ነው የቆረጠመኝ፤ ታመው ከሆነም ሕመማቸውን ለልጅቷ ሰጥተው እኔን መንፈጋቸው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ እኔን አየሽ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው፤ ያባረረኝ እሽሽ ነው ወይስ እትዬ ራሳቸው? እሽሽ ከሆነ እችለዋለሁ። እሳቸው ከሆኑ መርፌ አልይዝም ከእንግዲህ።

በዚያ ያንቺ ቢጤ ሥራ ካለ ጠይቂልኝ። ምድር ቤትም ቢሆን።

እህትሽ

*

የካቲት 11

ለእታለም፣

ሰላም ለቤትሽ። የደረሰብሽን ሰምቼ አዘንኩ። አይዞሽ፣ ይህም ያልፋል።

ሥራ ጠየቅሁ፣ ለጊዜው የለም አሉኝ። እኔን ከምድር ቤት አንስተው አምስተኛ ፎቅ አውጥተውኛል። እዚያ ለሚተኙ ለተከበሩ እንግዶች ልብስ ማስተካከል ነው ሥራዬ፤ ማጥበብ፣ ማስፋት። መስኮት አለው። ከመስኮቱ ዛፍ ይታያል። ሰዉ በስሜ ነው የሚጠራኝ። ብዙ መጻፍ አልችልም፣ እኔም ወረቀት ፈርሜያለሁ።

እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው፣ እትዬ ኮሌታ እንዴት ያለ ይወዱ ነበር?

ችኩል

*

መጋቢት 9

ለእህቴ ለችኩል፣

ጤና ይስጥልኝ። አምስተኛ ፎቅ በመውጣትሽ ደስ ብሎኛል ብዬ እንድጽፍ ሁለት ቀን ራሴን ለመንኩት። እነሆ ጻፍኩት። ደስ ብሎኛል።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሱቅ ገብቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። የሱቁ ባለቤት ስለ እትዬ እየጠየቀ ያደርቀኛል፤ እኔም የፈረምኩትን አስቤ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ብዙ የማውቅ ይመስለዋል። ምንም አላውቅም ብሎ ከማፈር ይሄ ይሻላል።

ወሬ የማገኘው ከአብሳይዋ ነው። እትዬ በግቢው የሉም። የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም፤ ለሥራ ጉብኝት ርቀው ሄደዋል ተብሏል። ግን ቤቱ እንዳሉ ሆኖ ይሠራል። ጠዋት መጋረጃው ይገለጣል፣ አመሻሽ ላይ ይዘጋል። ሹፌሩ የመኪናውን መስኮት ጋርዶ ባዶውን ቢሮ ያደርሰውና ይመልሰዋል፤ ዘበኞቹ ሰላምታ ይሰጡታል። አብሳይዋ ምሳ ትሠራለች፣ በትሪ ታስገባለች፣ ውስጥ ገብታ ብቻዋን ትበላዋለች። "ወፈርኩ" ብላ አለቀሰችብኝ። አትክልተኛው ጽጌረዳ ቆርጦ ያስቀምጣል። እሽሽ በየቀኑ ለሌለ ሰው አጀንዳ ያነባል ይባላል። እንዲህም ሆኖ በመካከላቸው ሽኩቻ አለ፤ የመጨረሻውን ቀን እትዬ ለማን ፈገግ እንዳሉ ይከራከራሉ። ሹፌሩ ለኔ ነው ይላል፣ አብሳይዋ ለኔ። እኔ ያን ቀን ስላልነበርኩ አፌን ዘግቼ እሰማለሁ።

ባለ ነጭ ጫማዋም ጠፍታለች አሉ። አብራቸው ሄዳ ይሆናላ። ይሁንላት።

ለእትዬ አቤቱታ ጽፌ ነበር። ሳይከፈት ተመለሰልኝ።

ስለ ኮሌታ ለምን እንደጠየቅሽኝ አልገባኝም፣ ግን ስለሳቸው መጠየቄ ራሱ ናፍቆኛልና ልንገርሽ። አንገታቸውን የሚነካ ነገር አይወዱም። ልጅ ሆነው በሸካራ የትምህርት ቤት ሹራብ አንገታቸው ቆስሎ ያውቃል። ስለዚህ ኮሌታውን ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ፣ ከውስጥ በኩል ለስላሳ የአሮጌ ሸሚዝ ጨርቅ ነው የማለብሰው። አዲስ ጨርቅ አይሆንም፤ ብዙ የታጠበ መሆን አለበት። ይህን የነገሩኝ ለኔ ብቻ ነው። አሁን አንቺም አወቅሽ።

ከዚያ በኩል ስለሳቸው የምትሰሚው ወሬ ካለ ላኪልኝ። ሜትርም ክርም አልጠይቅሽም፣ ወሬ ብቻ።

እህትሽ

*

ሚያዝያ 25

ለእህቴ ለችኩል፣

ደህና ነሽ ወይ? ከጻፍኩልሽ ሰባት ሳምንት ሊሆን ነው። መቼም ደብዳቤ ይጠፋል ብዬ ነው እንደገና የምጽፈው።

ትናንት የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ስሰፋ ሳላስበው በእትዬ ልክ ቆርጬው ተገኘሁ። ባለሱቁ ጮኸብኝ። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው።

ተቀይመውኛል፣ አልተቀየሙኝም፣ ይህችን ብቻ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ።

እህትሽ

*

ግንቦት 27

ለችኩል፣

ሰላምታ እንዳላስቀድም ይቅር በዪኝ፤ ሰላም ካንቺ ጋር ስለሌለኝ ነው።

እትዬ ማረፋቸውን ሰምተሻል። አገሩ በሬዲዮ ሰማ፣ አንቺ ግን ከአገሩ በፊት ነው የሰማሽው።

ከሱቁ የወሰደኝ እሽሽ ራሱ ነው። በሰማያዊ ጨርቆቹ መካከል ቆሞ "ነይ፣ የሚያለብሳቸው ሰው የለም" አለኝ። ሽማግሌ ሆኗል። የአክስታችንን መቀስና አንቺ የላክሽልኝን ሜትር ይዤ ሄድኩ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ነበሩ፣ እንደ ድሮው፣ ተኝተው ብቻ።

ልጅቷም ነበረች፣ በነጭ ጫማዋ። ዓይኗ አብጧል። ደብተሯን ከፍታ ሰጠችኝ። ነርስ ናት፣ ችኩል። ሆዳቸው ውኃ ይቋጥር ነበርና በየቀኑ ጠዋት ስትለካ የነበረው እሱን ነው። ሦስት መቶ ያህል ቁጥር፣ ቀን በቀን። ትከሻቸው የጠበበውና ወገባቸው የሰፋው እውነት ነበር። እንዲህ ያለ ገላ ነበር። እኔ ነኝ የለም ያልኩት።

ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? "ስለካቸው 'እጅሽ ይቀዘቅዛል፣ የሰፊዬ እጅ ይሞቅ ነበር' ይሉኝ ነበር፤ ባንቺ ስቀና ነው የከረምኩት" አለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን።

ያንን አረንጓዴ ኮት አመጡልኝ። ሌላ አላሰብኩም። ፈትቼ በልጅቷ የመጨረሻ ቁጥር ሰፋሁት። ከስምንት ዓመት ሥራዬ ውስጥ በሌላ ሰው ልክ የሰፋሁት እሱን ብቻ ነው። ልክ ሆነላቸው።

ከዚያ በፊት ግን ለብሰውት የመጡትን አወለቅንላቸው። ግራጫ የቤት ልብስ ነው። ከሁለቱም ጎኑ ጨርቅ ገብቶለት ሰፍቷል። ኮሌታው ጣት ያህል ዝቅ ብሏል፤ ከውስጡ ብዙ የታጠበ የአሮጌ ሸሚዝ ጨርቅ አለው። ገበሩን ገለበጥኩት። ሦስቴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ፣ ክሩ አልተቆረጠም።

በዓለም ላይ ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ።

ለልጅቷም ለእሽሽም አልተናገርኩም። መቀሱን አንስቼ ስፌትሽን ልፈታው ነበር። አንዱን ወግቼ ሳብኩት፣ አልፈታ አለኝ። ጠንካራ ነው። አክስታችን ተሳስታለች፣ ችኩል አልነበርሽም። የቤት ልብሱን አጣጥፌ ወሰድኩት፤ የጠየቀኝ የለም።

እኔ ልብስ ሰፋሁላቸው፣ ያዋረዳቸው። አንቺ ልብስ ሰፋሽላቸው፣ ተመችቷቸው የሞቱበት። እኔ በነገርኩሽ ኮሌታ። ወረቀት ፈርሜያለሁ እንዳትዪኝ፤ እኔም ፈርሜ ሁሉን ጽፌልሻለሁ። አንዲት መስመር፣ "አይዞሽ፣ አይቻቸዋለሁ" የምትል፣ ትበቃኝ ነበር።

አልሰድብሽም። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ፤ ስለኔ ያሉት ነገር ነበር? ክፉም ቢሆን እንዳታስቀሪ።

እህትሽ

*

ሰኔ 21

ለእታለም፣

ጤና ይስጥሽ ለማለት አፍ የለኝም፣ ግን ይስጥሽ። ለጠየቅሽኝ ከመመለሴ በፊት ያልጠየቅሽኝን ልናገር፤ እሱ ይቀድማል።

ነገሩ የገባኝ በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ነው። በየቀኑ በሜትር የሚለካ ሆድ እዚህ በየክፍሉ አለ፤ ቢጃማውን የማሰፋው እኔ ነኝ። ነጭ ጫማ፣ ደብተር፣ የተሸፈነ ትሪ። ሰፊ አይደለችም፣ ነርስ ናት ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፣ እኔ የጻፍኩልሽ በደብተርሽ ስፊ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ስትሳሳቺ ማየት ፈልጌ ነበር። ያን ያህል ትልቅ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ትንሽ እንዲሆን ግን ተመኝቼ ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ በግድግዳው ቀዳዳ አንድ የሌሊት ልብስ ወረደልኝ። ልተኩሰው ስገለብጠው ያንቺን እጅ አየሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከላይ በሌላ ስም ነው የተመዘገቡት። ወደ ኃላፊዎቹ ሄጄ የእንግዳዋን ቋንቋ እችላለሁ፣ መስፋትም እችላለሁ አልኩ። ወሰዱኝ።

አራት ወር ሰፋሁላቸው። በሳምንት አንዴ በሜትር ለካኋቸው። መጀመሪያ ቀን "ክንድዎን ያንሱ" ስላቸው ድምፄ እንዳንቺ እንዲሆን ሞከርኩ። አነሱ። እታለም፣ ይህን ስምንት ዓመት ብቻሽን ይዘሽው እንደነበር ያን ቀን ገባኝ፤ ከማዘን ይልቅ ይባስ ቀናሁ።

ስፌቱን ከውስጥ በጣታቸው ይዳስሱት ነበር። "ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። አክስቴ አልኳቸው። "የኔም ሰፊ እንዲህ ትጨርሳለች" አሉ። እህቴ ናት ማለት ነበረብኝ። እህቴ ናት ካልኩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናወራው ስላንቺ ይሆናል። የአክስታችን ቤት እንዲህ ነበር፤ እኔ እሰፋለሁ፣ ወሬው ስላንቺ ነው። የሚያገኙት ሰፊ አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ልሁን ብዬ ዝም አልኩ።

ያንቺ ደብዳቤ መጥቶ ኮሌታውን እንዳልሽው ስሠራው በጣታቸው ነክተው ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ማን ነገረሽ?" አሉኝ። እንዲሁ ገምቼ ነው አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ፤ ስንት ጊዜ ብቻዬን ደጋግሜዋለሁ።

"ሰፊዬ በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች አሉኝ። ለምን እንደተወችኝ አልገባኝም። አረንጓዴውን ልብስ ያበላሸች መስሏት አፍራ ይሆናል። አላበላሸችም። ለብሼው መስታወት ፊት ስቆም የድሮ ልኬን አየሁት። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ለበሽተኛ ነበር የሚሠራልኝ፤ አብሳይዋ ለበሽተኛ፣ ሹፌሩ ለበሽተኛ። ለጤነኛ የሰፋችልኝ እሷ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ቁልፉ እንደማይደርስ እያወቅሁ አላወልቅም ብዬ የወጣሁት። ከበር ያስመለስኳትም እኔ ነኝ፤ ሜትሯን ስትዘረጋ ፊቷ ላይ ልኬን ማንበብ ፈርቼ ነው። አንቺ የአገሬ ልጅ ነሽ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አታጪም። አልተቀየመችሽም በሏት። ትመለስልኝ በሏት።"

እሺ፣ እልካለሁ አልኳቸው። በየሳምንቱ "መልስ መጣ?" ይሉኝ ነበር፤ ገና ነው እላቸው ነበር።

ይህን ያሉኝ ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ነው።

ችኩል